ሞተር የምትወዱ ሐበሾች አሜሪካ ውስጥ ሰፈር ስትመርጡ

ሊዛችሁ እያለቀ አዲስ ሰፈር እያያችሁ ከሆነ ወይም ስቴት ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ሞተር ደግሞ ለእናንተ የቅዳሜ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ስራ የምትሄዱበት፣ ጭንቀት የምታራግፉበት ነገር ከሆነ፣ ይሄን አንብቡ። ሐበሻ ቤት ሲፈልግ የሚጠይቀው ይታወቃል፣ ኪራዩ ስንት ነው፣ ቤተክርስቲያኑ ወይ መስጊዱ ይቀርባል ወይ፣ ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው፣ ዘመድ አለ ወይ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ሞተር የሚነዳ ሰው የሚጨምራቸው ጥያቄዎች አሉ፣ እነሱን ሳይጠይቅ የፈረመ ሰው ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ሞተሩን ለሽያጭ ሲያወጣ ነው የማየው፣ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሰው ስለ ከተማ ሲያወራ ስለ ታዋቂ መንገድ ነው የሚያወራው፣ ኮሎራዶ ተራራ አለ፣ ካሊፎርኒያ የባህር ዳር መንገድ አለ ምናምን። እሱ በዓመት ጥቂት ቀን ነው የምትሄዱበት። ዓመቱን ሙሉ መንዳት አለመንዳታችሁን የሚወስነው ሞተሩ የሚያድርበት ቦታ እና ከበራችሁ ስትወጡ ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ሞተሩን ለማውጣት የሰው መኪና ማስነሳት ካለባችሁ፣ ሸራ ገፍፋችሁ ሰንሰለት ፈታችሁ ከዛ ደግሞ ትራፊክ ውስጥ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ 40 ደቂቃ የምትቆሙ ከሆነ፣ ተራራው የፈለገውን ያህል ቢያምር አትወጡም፣ ቁልፉ እዛው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ይከርማል።

ስለዚህ ከማደሪያው እንጀምር። ጋራዥ ያለው ቤት አቅማችሁ ከቻለ ሌላ ነገር ቀንሱና እሱን ውሰዱ፣ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ቢቀር ይሻላል። ምክንያቱም ሞተር የሚሰርቅ ሰው ቁልፍ አይሰብርም፣ ሁለት ሶስት ሆነው ከነቁልፉ አንስተው ቫን ውስጥ ይከቱታል፣ በቃ። መሪ መቆለፉም ዲስክ ሎኩም ተነስቶ ለሚጫን ሞተር ምንም አያደርጉም። "ጌትድ ኮሚዩኒቲ ነው" የሚለውም እንዳያታልላችሁ፣ በሩ መኪና ከውስጥ ሲወጣ ራሱን ችሎ ነው የሚከፈተው። ጋራዥ ከሌለ የምትፈልጉት ነገር ከመሬት ወይም ከግድግዳ ጋር የተሰራ ብረት ነው፣ ወፍራም ሰንሰለት የምታስሩበት፣ መብራት ያለው እና ከሰው መስኮት የሚታይ ቦታ ላይ። ቤቱን ለማየት የሄዳችሁ ቀን በቀን ብርሃን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተመለሱና ፓርኪንጉን እዩት፣ መብራቱ ይሰራል ወይ፣ ማን ነው እዛ የሚቆመው፣ ቦታውስ ይገኛል ወይ። በተለይ ማታ ሺፍት ገብታችሁ ሌሊት የምትመለሱ እህቶች ይሄን አትዝለሉት።

ሊዚንግ ኦፊስ ስትሄዱ የሚጠየቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሞተር እንደ አንድ መኪና ነው የሚቆጠረው ወይስ ከመኪናዬ ጋር አንድ ቦታ ላይ ማቆም እችላለሁ? ሸራ ማልበስ ይፈቀዳል? (አንዳንድ ቦታ ሸራ የለበሰ ነገር ተጥሎ የቀረ ነው ብለው ቶው ያደርጉታል፣ ታርጋው መታየት አለበት ይላሉ።) ሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ማሰር ይፈቀዳል? መልሱን በአፍ አትቀበሉ፣ ኢሜይል ላኩላቸውና በጽሁፍ ይመልሱላችሁ፣ ምክንያቱም ማኔጀር ይቀየራል። ደረጃ ስር ወይም ኮሪደር ላይ አስገባዋለሁ የሚለውን ሀሳብ ደግሞ እርሱት፣ ቤንዚን ያለው ነገር የሰው መውጫ ላይ ማስቀመጥ የእሳት አደጋ ደንብ ይከለክላል፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

ቤዝመንት ከሐበሻ የምትከራዩ ከሆነ ትልቅ እድል አላችሁ፣ ምክንያቱም አከራያችሁን በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ ማናገር ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ጋራዡ በጤፍ ከረጢት፣ በዲፕ ፍሪዘር እና በልጆች ብስክሌት ተሞልቶ ነው የምታገኙት፣ መኪና አይገባበትም፣ ግን ጥግ ላይ ለሞተር የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። መደበኛ ሞተር መሪው ከነስፔኪዮው 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ2 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ ለመግባት ለመውጣት ጭምር 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከግማሽ ካገኛችሁ በቂ ነው። "እትዬ፣ እኔ ጋራዡን አደራጅልዎታለሁ፣ መደርደሪያም እሰራለሁ፣ እርስዎ ይቺን ጥግ ይስጡኝ" ስትሏቸው እምቢ የሚሉ እናት ብዙ አላየሁም። የሚፈሩት ሶስት ነገር ነው፣ የቤንዚን ሽታ፣ የዘይት ጠብታ እና ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ድምጽ። ከስር ምንጣፍ አንጥፉ፣ የሚያንጠባጥብ ሞተር አታስገቡ፣ ስትወጡ ደግሞ ሳታስነሱ ገፍታችሁ መንገድ ላይ ድረሱና እዛ አስነሱት። የውሃ ማሞቂያው በጋዝ የሚሰራ ሆኖ ጋራዡ ውስጥ ከሆነ ሞተሩን ከሱ አርቁት፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ የማሞቂያውን እሳት ያገኛል። ሶኬት መኖሩንም እዩ፣ ክረምት ላይ ባትሪውን ቻርጀር ላይ ካልተዋችሁት መጋቢት ሲመጣ አዲስ ባትሪ ነው የምትገዙት።

ኢንሹራንሱን ቤቱን ከመምረጣችሁ በፊት ነው የምትደውሉት፣ ከፈረማችሁ በኋላ አይደለም። የምታስቡባቸውን ሰፈሮች ዚፕ ኮድ ያዙና ያው አንድ ሞተር፣ ያው ኮቨሬጅ ብላችሁ የየአንዳንዱን ዋጋ ጠይቁ። አንድ ከተማ ውስጥ እንኳን ልዩነቱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ስርቆት የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው፣ ላያቢሊቲ ብቻ ያለው ሰው ሞተሩ ቢሰረቅ ሳንቲም አያገኝም።

አሁን ወደ ግማሽ ሰዓቷ። ቤቱን ከወደዳችሁት፣ በስራ ቀን፣ ስራ በምትገቡበት ሰዓት፣ ከቤቱ በር እስከ ስራ ቦታችሁ በሞተር ሂዱ። በጉግል ማፕ አይደለም፣ በአካል። ምን ታያላችሁ መሰላችሁ፣ ድራይቭዌዩ ጠጠር ነው ወይ፣ ዳገት ላይ ቆማችሁ ወደ ዋና መንገድ ለመግባት ትቸገራላችሁ ወይ፣ ግራ መታጠፊያው አረንጓዴ ቀስት አለው ወይስ ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እየገመታችሁ ነው የምትታጠፉት። መብራቱስ ያያችኋል ወይ? ብዙ መብራት አስፋልቱ ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ነው መኪና መምጣቱን የሚያውቀው፣ ሞተር ላይ አንዳንዴ አይሰራም፣ ሌሊት ብቻችሁን ቀይ ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ቨርጂኒያ ለዚህ ህግ አላት፣ የመብራቱን ሁለት ዙር ወይም 120 ሰከንድ፣ ከሁለቱ ያጠረውን ጠብቃችሁ፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን አይታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ሁሉም ስቴት ግን እንዲህ አይልም፣ የእናንተን አጣሩ።

ትራፊክ ውስጥ በመኪኖች መሀል ለመሀል ማለፍ የሚቻልበት ስቴት እና የማይቻልበት ስቴት ኑሮው በጣም ይለያያል። ካሊፎርኒያ 2016 ላይ ህግ አውጥታ ከ2017 ጀምሮ በግልጽ ፈቅዳለች፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰም ቢሆን። ዩታ ከ2019፣ አሪዞና ከ2022 ጀምሮ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲቆም ብቻ፣ የመንገዱ ፍጥነት ከ45 ማይል በማይበልጥበት፣ እናንተም ከ15 ማይል ሳትበልጡ። ሞንታና ከ2021 ጀምሮ የራሷ ህግ አላት፣ ኮሎራዶ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የቆመ መኪና መሀል በ15 ማይል፣ ሚኒሶታ ደግሞ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ፈቅዳለች፣ እስከ 25 ማይል፣ ከመኪናው ፍጥነት ከ15 በላይ ሳይበልጥ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴት አይፈቅዱም፣ ስለዚህ እነዚህ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ከስራ የምትርቁበት ኪሎ ሜትር ሳይሆን የምትቆሙበት ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

እስቲ ከተሞቹን ልይ፣ ሐበሻ በብዛት ያለባቸውን።

ዲሲ እና አካባቢዋን ከሁሉ በላይ ስለማውቃት ትንሽ ልርዘም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይስ አሌክሳንድሪያ የሚለው ክርክር ለሞተር ሰው መልስ አለው፣ ቨርጂኒያ። አንደኛ ምክንያት ኤክስፕረስ ሌን (መኪና ከፍሎ የሚገባበት ፈጣን መስመር) ነው፣ 95፣ 395 እና 495 ላይ ሞተር ያለ ክፍያ፣ ያለ ኢዚፓስ ነው የሚያልፈው። ዉድብሪጅ የምትኖሩና ዲሲ የምትሰሩ ከሆነ መኪናው ተኮልኩሎ ቆሞ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ያውም በነጻ። ሁለተኛው ተራራው ነው። ስካይላይን ድራይቭ ፍሮንት ሮያል ላይ ይጀምራል፣ ከዲሲ 70 ማይል አካባቢ፣ ርዝመቱ 105 ማይል፣ ከዛ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ተቀብሎት 469 ማይል ሙሉ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ይሄዳል። የስካይላይን ገደቡ 35 ማይል ስለሆነ ፍጥነት ፈልጋችሁ አትሂዱ፣ ለእይታው ነው። ኩርባ የምትፈልጉ ከሆነ መንገድ 211ን ከስፔሪቪል ወደ ሉሬይ በቶርንተን ጋፕ በኩል ተሻገሩት፣ ጠዋት በጊዜ፣ ቅጠል ሊያይ የሚወጣው ሰው ሳይሞላው። ይሄ ሁሉ ከሆነ ታዲያ ማናሳስ፣ ጌይንስቪል፣ ሄይማርኬት አካባቢ ታውንሃውስ ከጋራዥ ጋር ማግኘት ማለት ቤልትዌዩን ሳትነኩ ተራራ መድረስ ማለት ነው። ሜሪላንድ መሆን ግዴታ ከሆነባችሁ፣ ቤተሰብ ወይ ስራ ከያዛችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይልቅ ወደ ክላርክስበርግ እና ፍሬድሪክ ከፍ በሉ፣ ካቶክቲን ተራራ እዛው ነው።

ቨርጂኒያ ግን ሶስት የሚያስጠነቅቁ ነገሮች አሏት። ሞተሩ ላይ በየዓመቱ የንብረት ታክስ ትከፍላላችሁ፣ ኢንስፔክሽንም በየዓመቱ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ሁለተኛው፣ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል መብለጥ ወይም ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሬክለስ ድራይቪንግ ተብሎ የሚከሰሱበት ነገር ነው፣ ተራ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ ክላስ 1 ሚስዲሚነር፣ እስከ 12 ወር እስር እና 2,500 ዶላር ድረስ። የወንጀል ሪከርድ ይሆናል፣ እና ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ይሄን ወረቀት እንደ ፓርኪንግ ቲኬት ከፍሎ መገላገል የለበትም፣ መጀመሪያ ጠበቃ ያናግር። ስንቱ ወንድማችን ይሄን ሳያውቅ ነው የሚነዳው። ሶስተኛው ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ያለ ነው፣ አደጋ ቢደርስባችሁ እና ፍርድ ቤት ጥፋቱ ውስጥ ትንሽም ድርሻ አላችሁ ካለ፣ አንድ ፐርሰንት እንኳን ቢሆን፣ ካሳ ላታገኙ ትችላላችሁ። የሌላው ኢንሹራንስ ጠበቃ መጀመሪያ የሚለው "ሞተሩ በፍጥነት ነበር" ነው። ስለዚህ ሄልሜት ላይ ካሜራ ወይም ሞተሩ ላይ ዳሽ ካም አስገቡ፣ አንኢንሹርድ ሞተሪስት የሚባለውንም (የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ ከሌለው የሚከፍላችሁን) ኮቨሬጅ ከፍ አድርጉት። ጥቅምት እና ኅዳር ላይ ደግሞ ሲመሽ አጋዘን ይወጣል፣ ከከተማ ርቃችሁ የምትኖሩ በዚያ ሰሞን ምሽት ላይ ቀስ በሉ።

ዴንቨር። ሐበሻው በብዛት አውሮራ ነው፣ ሃቫና ስትሪት፣ ምግብ ቤቱ ሱቁ ሁሉ እዛ ነው። ችግሩ አውሮራ በምስራቅ በኩል ነው፣ ተራራው በምዕራብ። ከአውሮራ ጎልደን ለመድረስ ከተማውን አቋርጣችሁ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሃይዌይ 70 ላይ ደግሞ ተራራ የሚወጣው ሰው ሁሉ ይቀላቀላችኋል። ለእንጀራ በመኪና ወደ አውሮራ መሄድ ይቀላል፣ ለሞተር ሌክዉድ ወይም አርቫዳ ኑሩ፣ ከስራ መልስ ሉክአውት ማውንቴን ወጥታችሁ ለእራት ትመለሳላችሁ። ትሬል ሪጅ ሮድ 12,183 ጫማ ይደርሳል፣ 3,713 ሜትር መሆኑ ነው፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ግን ዝግ ነው። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እና የበረዶ ጠጠር የተለመደ ነው፣ ስለዚህ በጠዋት ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ መውረድ ነው፣ ጋራዥ የሌለው ሰው ታንኩ ተቀጥቅጦ ሊያገኘው ይችላል። ኮሎራዶ አዋቂ ሰው ሄልሜት እንዲያደርግ አታስገድድም። አታስገድድም ማለት ግን አታድርጉ ማለት አይደለም፣ እባካችሁ አድርጉ።

ላስ ቬጋስ ብዙ ሰው ይንቃታል፣ እኔ ግን ለሞተር ሰው ከምርጦቹ አንዷ ናት ባይ ነኝ። አዲስ ቤቶቹ አብዛኞቹ ጋራዥ አላቸው፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው አየር ለመንዳት ነው የተሰራው፣ በምዕራብ በኩል ብትኖሩ ሬድ ሮክ ካንየን አጠገባችሁ ነው፣ ካይል ካንየንን ይዛችሁ ማውንት ቻርልስተን ከወጣችሁ ደግሞ ከተማው ሲነድ እዛ ጃኬት ትዘጋላችሁ። በጋው ግን ከባድ ነው፣ ከ43 ዲግሪ ያልፋል። አየሩ ከሰውነታችሁ ሙቀት ሲበልጥ ንፋሱ አያቀዘቅዝም፣ ያሞቃል፣ ስለዚህ በቲሸርት መንዳት መፍትሄ አይደለም፣ ከስር በውሃ የሚነከር ቬስት ለብሳችሁ ከላይ ጃኬት ዘግታችሁ ነው። አስፋልቱም ይለሰልሳል፣ የጎን ማቆሚያው ቀስ ብሎ እየሰመጠ ሞተሩ ይወድቃል፣ ከስር የምታደርጓት ትንሽ ብረት ወይም ፕላስቲክ ሁሌ ኪሳችሁ ትኑር። ታክሲ ወይ ካዚኖ ማታ የምትሰሩ በጋውን በሌሊት ነው የምትነዱት፣ ለእናንተ የተሻለ ነው።

ሎስ አንጀለስ ህጉም አየሩም መንገዱም አሪፍ ነው፣ አንጀለስ ክሬስት አለ፣ ማልሆላንድ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ይነዳል፣ መሀል ለመሀል ታልፋላችሁ። የጎደለው ማደሪያ ነው። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ አካባቢ ኑሮ ሞተር መንገድ ላይ ማሳደር ማለት ለሌባ ማቅረብ ነው፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ሞተር በብዛት ከሚሰረቅባቸው ስቴቶች አንደኛዋ ናት። ከምድር በታች ፓርኪንግ ያለው ህንጻ ካላገኛችሁ ትንሽ ርቃችሁ ጋራዥ ያለው ቤት ፈልጉ፣ መሀል ለመሀል ስለምታልፉ ርቀቱ እንደ መኪና አይከብዳችሁም።

ሲያትል ዝናቡ ከባድ ሳይሆን የማያቋርጥ ነው፣ የሚሞቅ እጀታ እና ጥሩ የዝናብ ልብስ ያለው ሰው ክረምቱን ይነዳል፣ የሌለው ግን ከጥቅምት ጀምሮ ያቆማል። በጋው ደረቅ እና በጣም ቆንጆ ነው፣ ኬንት እና ከዛ ወደ ምስራቅ ብትኖሩ ቺኑክ ፓስ ይቀርባችኋል (ክረምት ላይ ይዘጋል)። ፌሪ ላይ ደግሞ ሞተር ከመኪና ቀድሞ ነው የሚገባው፣ ረጅሙን ሰልፍ በጎን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

አትላንታ ክላርክስተን እና ዲኬተር በኩል ያላችሁ፣ የጆርጂያ ጥሩው መንገድ ሁሉ በሰሜን ነው፣ ዳሎኔጋ፣ ብለድ ማውንቴን፣ ዉልፍ ፔን ጋፕ፣ ሱቺስ። ከከተማው በስተደቡብ የምትኖሩ ከሆነ ወደዛ ለመሄድ አትላንታን በሙሉ ማለፍ አለባችሁ፣ ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ከተማውን ከሚዞረው ሃይዌይ 285 ውጪ በሰሜን በኩል አድርጉት። 11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ ያለው የዲልስ ጋፕ መንገድም ለአንድ ቀን አድሮ መመለሻ ነው።

ዳላስ ቤቱ ርካሽ፣ ጋራዡ ሰፊ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ። ኩርባ ለማግኘት ሂል ካንትሪ ድረስ ሰዓታት መንዳት ነው። ስራ ለመሄጃ ብቻ ከሆነ ይበቃል፣ ተራራ ለለመደ ሰው ግን ይደብራል። ሚኒያፖሊስ ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ ማከማቻ ካላገኛችሁ አይሆንም፣ ደግሞ የሚኒሶታ ኖ ፎልት ኢንሹራንስ (ጥፋተኛው ማንም ይሁን የሚከፍለው) መኪና ላይ የሚሰጠውን የህክምና ክፍያ ሞተር ላይ አይሰጥም፣ የራሳችሁን የህክምና ኮቨሬጅ ያዙ።

ሰፈሩን ለመቁረጥ ሲቃረባችሁ ጎማ የሚቀይርላችሁ እና የሚጠግንላችሁ ሱቅ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። ብዙ የሞተር ሱቅ እሁድ እና ሰኞ ዝግ ነው፣ እናንተ ዕረፍታችሁ ሰኞ ከሆነ መቼ ነው የምትሄዱት? አንድ ሁለት የሚነዱ ሐበሾች ያሉበት አካባቢም ዋጋ አለው፣ መንገድ ላይ ስትቆሙ የምትደውሉለት፣ ፒካፕ ያለው ሰው ማለቴ ነው፣ እሁድም ከቅዳሴ በኋላ ቡና ጠጥታችሁ አብራችሁ የምትወጡት።

ስቴት የምትቀይሩ ከሆነ ቀነ ገደቡን እወቁ። ቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ በ60 ቀን፣ ሞተሩን በ30 ቀን ማስመዝገብ ነው፣ ሜሪላንድ ሁለቱንም በ60 ቀን፣ ካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ በ10 ቀን፣ ምዝገባ በ20 ቀን። አዲሱን መንጃ ፈቃድ ሲሰጧችሁ ከመስኮቱ ሳትነሱ ሞተር መንዳት እንደምትችሉ የምታሳየው ኤም የምትለዋ ፊደል መጻፏን እዩ፣ ካልተጻፈች እዛው ንገሯቸው። ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ደግሞ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ስሙ፣ ለካሊፎርኒያ ደንብ ያልተሰራ ሞተር ከ7,500 ማይል በታች ከሆነ የነዳው፣ ከመሄዳችሁ በፊት በምትኖሩበት ስቴት በስማችሁ ያስመዘገባችሁት ካልሆነ በቀር፣ በአብዛኛው እዛ አይመዘገብላችሁም፣ ስለዚህ "ሌላ ስቴት ረከሰ" ብላችሁ አዲስ ገዝታችሁ፣ በምትኖሩበት ስቴት በስማችሁ ሳታስመዘግቡ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ወይ እዛው ግዙ ወይ ከ7,500 ያለፈ ፈልጉ፣ ፍሬሙ ወይም መሪው ስር የተለጠፈችውን የልቀት ስቲከር አንብባችሁ ካሊፎርኒያ ትላለች ወይ ብላችሁ አረጋግጡ።